ስለ ትንንሽ ጀልባዎች ዝግ ክፍልና ስለ አየሩ መለዋወጥ

ዕቃውን በውሃ ላይ የሚያመላልስ ነጋዴ አዘውትሮ የሚያስበው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነዳጁና ስለ ጭነቱ ልክ። በጀልባው ክፍል ውስጥ ስላለው አየር ማሰብ ግን እንደ ትርፍ ነገር ይቈጠራል። አየር ዋጋ የማይከፈልበትና በደረሰኝ የማይመዘገብ በመሆኑ ይመስለኛል። ነገር ግን ሸቀጥ የሚሻግተውና ሰው የሚታፈነው በአንዱ በዚሁ ጒድለት ስለ ሆነ፣ ጀልባ ያላቸውም ሆኑ ጀልባ ተከራይተው የሚጭኑ ነጋዴዎች ነገሩን ቢያውቁት የሚጠቅማቸው መሆኑን በማመን ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

እኔ የመርከብ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። አሠሪዬ በባሕር ዳር ከተማ ሱቅና መጋዘን አላቸው። በቡና ወራት ከዘጌ ጀንፈል ቡና ይገዛሉ፤ በሌላውም ጊዜ ጀልባዋ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት ጭና በጣና ዳር ዳር ወዳሉት የጀልባ መቆሚያዎች ትሄዳለች። ጀልባዋ ከላሜራ የተበየደች ስትሆን የምትሄደው በናፍጣ ሞተር ነው። ከመካከሏ ጣሪያና ግድግዳ ያለው አንድ ክፍል አላት፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ከፍታውም 1 ሜትር ከ80 ነው። ይህን ልክ አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እናሰላበታለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ጭነት ለመቈጣጠር ወደ ዘጌ ተልኬ ነበር። ሐይቁ ጧት ጧት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣበት የሚያውቀው ያውቀዋል። በዚያም ቀን ጆንያዎቹን ጭነን ስንጨርስ ማዕበሉ ስለ ጠና ጀልባ ነጂው እዚያው እንድናድር ወሰነ። ዕቃውን ትተን ወደ ሰው ቤት መሄድ አልሆነልንም። ስለዚህ ጀልባ ነጂው፣ ረዳቱ የሆነው ልጅ፣ አንድ ጠባቂና እኔ፣ አራት ሆነን ከጆንያዎቹ ጋር በክፍሉ ውስጥ ተኛን። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ በመሆኑ የታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው። መስኮቶቹ ተዘጉ፤ በሩ ላይ ሸራ ተጋረደ፤ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃም ፍሙ እንዳይባክን ተብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «ትንሽ ሞቅ ይበለን እንጂ ጸሐፊው» አለኝ ጀልባ ነጂው፤ እኔም ደስ አለኝ እንጂ አልተቃወምሁም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቀሰቀሰኝ የልጁ ትውከት ነው። ራሴን እንደ ዘነዘና የሚወቅጠኝ ነገር ነበር። በመጀመሪያ የበላነው ዓሣ መስሎን ነበር። ጀልባ ነጂው ለልጁ ውሃ ሊሰጥ ሲነሣ ጒልበቱ ከድቶት ወደቀ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ መሆኑ ገባኝ። እኔ የተኛሁት በበሩ በኩል፣ ሸራው በደንብ ባልገጠመበት ቦታ ስለ ነበር ከሁሉ ይልቅ ኀይል ቀርቶልኝ ነበር። ሸራውን ገንጥዬ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ጐተትኋቸው። ሦስታችን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነቃ አልን፤ ልጁ ግን እስኪነጋ ድረስ ዝሎ ነበርና ጧት ወደ ጤና ተቋም ወስደነው ኦክሲጅን ተሰጥቶት ዳነ።

በማግሥቱ ዕቃውን ስናወርድ ከግድግዳው ጋር ተጠግተው የነበሩት 6 ጆንያዎች ረጥበዋል። የጣሪያው ላሜራም ውሃ ያዘለ ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጆንያዎቹ በመጋዘን ሲፈቱ ቡናው ነጭ ሻጋታ አውጥቶ፣ ሽታውም ተለውጦ ነበር። አሠሪዬ ጥቂት ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱና ጠየቁኝ።

«ሌሊቱን ዝናብ ነበር እንዴ?»

«የለም ጋሼ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።»

«ማዕበሉስ ወደ ውስጥ ረጨ?»

«አንዲት ጠብታ አልገባችም።»

«ታዲያ ይህን ጆንያ ማን አራሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁን ያፈነው የከሰል ጋዝ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ ቡናውን ያራሰው ማን እንደ ሆነ ግን ለማወቅ ብዙ መጠየቅና ማንበብ አስፈለገኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ያራስነው እኛው ነን፤ በትንፋሻችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ እንኳ ሲተነፍስና ከገላው ላቦት ሲተን በየሰዓቱ 40 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። አራት ሰዎች በስምንት ሰዓት ውስጥ የሚለቁት ከ1 ሊትር ከሩብ ይበልጣል ማለት ነው። አየር ደግሞ ትነትን የመያዝ አቅሙ እንደ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ እስከ 23 ግራም ትነት ይይዛል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ግን ከ13 ግራም በላይ መያዝ አይችልም። ትርፉ ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ቦታ ሁሉ ጠብ ጠብ ይላል። በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የሚታየው ላብ ይኸው ነው። የጀልባ ላሜራ በአንድ ወገኑ የሌሊቱን ብርድ፣ በሌላው ወገኑ የእኛን ሙቀት ስለሚያገኝ እንደ ጠርሙሱ ያልበዋል።

አንዳንድ ሰው ውሃው ከሐይቁ በአየር የገባ ነው ይላል። ሒሳቡ ግን ይህን አያረጋግጥም። የክፍላችን ይዞታ 14 ሜትር ኩብ ከ40 ነው። አየሩ ጢም ብሎ ትነት የሞላበት ቢሆንና ከ25 ዲግሪ ወደ 15 ቢቀዘቅዝ የሚጥለው ውሃ 150 ግራም ያህል፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቢሆን ነው። የቀረው ሊትር የእኛ ነው። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈልም ካለ ከራሱ ይጨምርበታል፤ ቡና ርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የሚፈለገው በዚህም ምክንያት ነው። እንግዲህ ክፍሉን ይበልጥ በደፈንነው መጠን ውሃውን ይበልጥ እናከማቻለን እንጂ አንከላከለውም። መስኮት መዝጋት ዕቃን ከርጥበት ያድናል የሚለው ልማድ እውነት የሚሆነው ውጭው ሲዘንብ ወይም ማዕበል ሲረጭ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጒዳት ስንመለስ፣ በከሰልም ሆነ በሞተር ጭስ ውስጥ የሚገኘው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። ብዙ ሰው «ከሰሉ ጨርሶ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቶለታል፣ እንግዲህ አይጐዳም» ይላል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ጭስ የማይታይበት ፍም ይህንን ጋዝ መስጠቱን አይተውምና። ጋዙ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን 200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ጥቂቱ ብዙውን ያሸንፋል። ሰውየው ንጹሕ አየር ቢያገኝም እንኳ የግማሹ ጋዝ ከደም መውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ልጁ እስከ ጧት ያልነቃበት ምክንያት ይህ ነው። በደጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በጣና ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ በመሆኑ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ ወለል ላይ መተኛትም አልጋ ላይ መተኛትም አያድንም።

ከሰልን ማስወጣት ቀላል ነው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ምድጃ አይገባም ብሎ መከልከል ነው። እኛም ከልክለናል። የሞተሩ ጭስ ግን ሳይጠሩት የሚገባ እንግዳ ነው። ጀልባ ወደ ፊት ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ይሳሳና ክፍት ቦታ እንዳለ ሆኖ ወደ ራሱ ይስባል። የጭስ ማውጫው ከኋላ ነው፤ የክፍሉም በር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የፊቱ መስኮት ተዘግቶ የኋላው በር ብቻ ሲከፈት ጭሱ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ ተጠምዝዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። ተሳፋሪው ግን «በሩ ክፍት ነው፣ አየር አለን» እያለ ይታፈናል። ነፋስ ከኋላ በሚመጣበትና ጀልባዋ በዝግታ በምትሄድበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ክፍት ቦታ አየር ማስተላለፊያ አለመሆኑን ነው። አየር በአንድ በር ገብቶ በዚያው በር አይወጣም። መግቢያና መውጫ፣ ሁለት ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በቦታቸው መሆን አለባቸው።

መግቢያው ከፊት፣ የሞተሩ ጭስ በማይደርስበት ቦታ፣ አፉ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ዞሮ ይደረጋል። በጒዞ ጊዜ ጒዞው ራሱ አየሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ክፍሉም በንጹሕ አየር ስለሚወጠር ጭሱ እንዲገባ አይፈቅድለትም። ጀልባዋ በአፍንጫዋ በአንድ ገመድ ታስራ ስታድርም ነፋሱ ወደ መጣበት ትዞራለችና ያው መግቢያ ይሠራል። መውጫው ከክፍሉ በስተኋላ በጣሪያው ላይ፣ አፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይሆናል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንኳ ጥቂት ይተነፍሳል። የመግቢያው አየር ቱቦ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ እንዲፈስ ቢደረግ ይህ ሥራ ይበረታል። ጀልባዋ በኋላዋ በኩል ከወደብ ድንጋይ ጋር የምትታሰር ከሆነ ግን ነፋሱ ከወዲያ ይመጣልና ቱቦዎቹ እንደ ነፋሱ የሚዞሩ ቢሆኑ ይሻላል። ጭስ ማውጫው ከመውጫው ሥር የሚተነፍስ ከሆነም አስረዝሞ ወደ ጐን ማዞር ያስፈልጋል።

የቀዳዳው ስፋት ምን ያህል ይሁን? እዚህ ላይ ብዙዎች በግምት ይሠራሉ። ለአንድ ሰው በሴኮንድ 8 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ቢደርሰው ይበቃዋል ተብሎ ይታሰባል። ለአራት ሰው 32 ሊትር፣ በሰዓት 115 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ የእኛ ክፍል አየር በየሰዓቱ ስምንት ጊዜ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ወርዱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ስፋቱ 78 ሳንቲሜትር ካሬ ከግማሽ ነው። በሴኮንድ 2 ሜትር በሚሄድ ቀላል ነፋስ 15 ሊትር ከግማሽ በላይ ሊያስገባ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን የቱቦው መጣመምና የወባ ትንኝ መከላከያው ወንፊት የያዙትን ይዘው ግማሽ ያህሉን ያስቀራሉ። እንግዲህ ለአንድ ተኚ አንድ ባለ 10 ሳንቲሜትር መግቢያና ያንኑ የሚያህል መውጫ ብሎ መያዝ ሁነኛ ልክ ነው። ሁለት ባለ 10 ቀዳዳዎችን በአንድ ባለ 15 መተካት ይቻላል፤ እንዲያውም ባለ 15ቱ ስፋቱ 177 ሳንቲሜትር ካሬ ስለ ሆነ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ወንፊቱን ማስቀረት አይገባም፤ የሐይቁን ትንኝ ያየ ሰው ቀዳዳውን በጨርቅ ይደፍነዋልና። ይልቁንስ ወንፊቱ ከቀዳዳው ሰፋ ባለ ክፈፍ ላይ ቢወጠርና በየጊዜው አቧራው ቢራገፍ አየሩን ብዙም አያግደውም።

አሁን «ጣሪያ ከተበሳ ዝናብ አይገባምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጀልባ ነጂያችን መጀመሪያ የተቃወመኝም በዚህ ነው፤ እውነትም አለው። መልሱን ያገኙት ወንድማማቾቹ ኦሊንና ሮድ እስቲቨንስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. ዶራድ የተባለች የሸራ ጀልባ ሠርተው በ1931 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስን በሚያቋርጠው ውድድር አሸነፉባት። በጀልባዋ ላይ የተገጠመው የአየር ሣጥን ማዕበል በላዩ ሲያልፍ አየሩን አስገብቶ ውሃውን የሚያስቀር ስለ ነበር እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የዶራድ ሣጥን ተብሎ ይጠራል።

አሠራሩ ለማንኛውም የላሜራ ባለሙያ የሚከብድ አይደለም። በጣሪያው ላይ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 20፣ ከፍታውም 20 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሣጥን ይበየዳል። በሣጥኑ ክዳን በአንደኛው ጫፍ የመለከት አፍ የመሰለው ቱቦ ይቆማል፤ ነፋሱንም፣ ውሃውንም የሚቀበለው እሱ ነው። ወደ ክፍሉ የሚወርደው ሌላው ቱቦ በሣጥኑ ማዶኛ ጫፍ፣ ከሣጥኑ ወለል 8 ወይም 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ከሁለቱ ቱቦዎች መካከል ከሣጥኑ ክዳን ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ወለሉን የማይነካ አንድ ግርዶሽ ይደረጋል። ከሣጥኑ ግርጌ በጐንና በጐን ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ውሃው ከባድ ነውና ከመለከቱ እንደ ገባ ወለሉ ላይ ወድቆ በነዚያ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ አየሩ ግን በግርዶሹ ሥር ዞሮ፣ ከፍ ባለው ቱቦ አፍ ላይ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ጀልባዋ ዘንበል ብትልም የቱቦው ከፍታ ውሃውን አያሳልፈውም። ለብርቱ ማዕበል የሚሆን ከውስጥ የሚዘጋ ክዳን ቢኖረውም መልካም ነው፤ ክዳኑ ግን ከክፍሉ ውስጥ በጒልህ የሚታይ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ለወር የተረሳ ክዳን አይቻለሁና።

ሁለት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ከፊት፣ ሁለት ባለ ክዳን መውጫዎችም ከኋላ አሠራን። የመለከቱን አፍ ወርድ ያበጀነው ባለ 15 ነው። ለብየዳና ለላሜራ የወጣው ገንዘብ በ6ቱ ጆንያ ከደረሰብን ኪሳራ አነሰ፤ ሒሳቡን የጻፍሁት እኔ ስለ ሆንሁ በእርግጥ እናገራለሁ። ከዚህም ሌላ ጆንያዎቹ ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል እንዲርቁ የእንጨት ርብራብ ተሠራላቸው፤ ከወለሉም ከፍ እንዲሉ ተደረገ። ጣሪያው ከውስጥ በኮምፔንሳቶ ተሸፍኖ ከላሜራው ጋር መካከሉ በስፖንጅ ሰሌዳ ተሞላ። እንዲህ ሲሆን ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ብረት አይነካውምና ላቡ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን ያለ አየር መለዋወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ከጣሪያው ቢቀር ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋልና።

ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ አንባብያን ይህ የሐይቅ ጀልባ ነገር አይመለከተንም እንዳይሉ አንድ ቃል ልጨምር። በጅቡቲ ሙቀት ተዘግቶ ወደ አውሮፓ ክረምት የሚሄድ ኮንቴይነር የሚያገኘው ያንኑ ነው። ጣሪያው ይበርዳል፤ ከቡናው የወጣው ትነት በጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ በጆንያው ላይ ይዘንባል። የኮንቴይነሩ ውስጥ በወፍራም ወረቀት ወይም በካርቶን የሚለበደው ይህን ጠብታ እንዲጠጣ ነው። በትልልቅ መርከቦች የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ዕቃው ሲጫን የነበረውን ሙቀት ጽፈው ይይዙና የውጭው አየር ከዚያ ቢያንስ 3 ዲግሪ ሲያንስ የጭነት ክፍሉን አየር ይለዋውጣሉ፤ ውጭው ሞቅ ያለና ርጥበት የበዛበት ሲሆን ግን ይዘጋሉ፤ ሞቃት ትነት ቀዝቃዛ ጭነት ላይ እንዳያርፍ ነው። ይህ ደንብ ለእኛም ይሠራል። በጠዋት ጭጋግ ቀዝቃዛ ቡና ባለበት ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ካልተኛበት መክፈት አያስቸኲልም፤ ፀሐይ ሲወጣና አየሩ ሲደርቅ ይከፈታል። ሰው ያለበት ክፍል ግን ጭጋግም ቢሆን አይዘጋም።

ነፋስ ለሌለበት ሌሊት በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ ይጠቅማል። ነገር ግን በየሱቁ የሚሸጠው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማራገቢያ ያንኑ የተበላሸ አየር ያማስለዋል እንጂ አይለውጠውም። የሚያስፈልገው በመውጫው ቱቦ ውስጥ ተገጥሞ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራና 0.3 አምፔር የሚወስድ ትንሽ ማራገቢያ 10 ሰዓት ቢሠራ ከባትሪው የሚበላው 3 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ ምንም አይደለም። መግቢያው ሳይከፈት ግን ይህን ማራገቢያ ማስነሣት አይገባም፤ አየር ከየትም ብሎ ይስባልና የሞተሩን ክፍል ጭስ ሊጐትት ይችላል። ከሞተሩ ክፍል ጋር የሚያገናኝ ስንጥቅ ሁሉ አስቀድሞ መደፈን አለበት።

ጀልባቸው በቤንዚን የሚሠራ ሰዎች ከሁሉ የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ከጀልባዋ ወለል በታች ወርዶ ይተኛል፤ በጣሪያ ቀዳዳም አይወጣም። የእርሱ መሳቢያ ቱቦ አፉ ከታች፣ ወደ ጀልባዋ ሆድ ተጠግቶ መሆን አለበት። ሞተር ከመነሣቱ በፊትም መሳቢያው ቢያንስ 4 ደቂቃ መሥራት አለበት። ማራገቢያውም እሳት የማይተፋ፣ ለቤንዚን ክፍል ተብሎ የተሠራ ይሁን። የማብሰያ ጋዝም እንደ ቤንዚን ትነት ወደ ታች የሚወርድ ነው።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የሚሆን አንድ ጒዳይ ቀርቶኛል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል የሚባል በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ ጋዙ ሲበዛ ይጮኻል። ይህን ከጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ጋር የሚያምታቱ ሻጮች አጋጥመውኛል። ሁለቱ ልዩ ልዩ ናቸው፤ የጭሱ ደወል ቀይ ፍም አጠገብ ቢቀመጥ ዝም ብሎ ሰውን ያሳልፋል። አውሮፓውያን ለጀልባና ለመኪና ቤት የሚሆነውን ደወል የሚለኩበት ደንብ ኢ.ኤን. 50291 ክፍል 2 ይባላል፤ ክፍል 1 ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ነው። የጀልባው ዐይነት መናወጥን እንዲችል ተፈትኗል። ትእዛዝ የሚልክ ነጋዴ ይህን ቊጥር በደብዳቤው ላይ ቢጠቅስ መልካም ነው። መሣሪያው ዕድሜ አለው፤ እንደየሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግልና ይሞታል። ስለዚህ በመጋዘን ብዙ የቆየ ዕቃ በርካሽ መግዛት ትርፍ መስሎ ኪሳራ ነው፤ በጀርባው የታተመውን ቀን አንብቦ መግዛት፣ ለገዢውም አንብቦ መሸጥ ይገባል። በአገራችን ይህ ደወል ለጀልባ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም፤ በብርድ ወራት ከሰል አስገብቶ የሚተኛው ቤተ ሰብ ብዙ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የአየሩን አካሄድ የፈተንነው በዕጣን ነው። በጒዞ ላይ ሳለን፣ ሁሉም ክዳን ተከፍቶ፣ በትንሽ ማጨሻ ጥቂት ዕጣን አጭሰን ጭሱ የሚሄድበትን ተከተልን። ከፊቱ ሣጥን ሥር የነበረው ጭስ ወለል ለወለል ሄዶ በኋላው መውጫ ሲወጣ አሠሪዬ ደስ አላቸው። ጀልባ ነጂው ግን ማጨሻውን አንሥቶ በግራ በኩል ወዳለው ጥግ፣ ከጆንያው ርብራብ ጀርባ ወሰደው። ጭሱ እዚያ ቆመ፤ ተጠቅልሎም ተንጠለጠለ። «ልጁ የሚተኛው እዚህ ነው» አለ። በማግሥቱ ብየዳ ቤት ተመልሰን በዚያ ጥግ ላይ አምስተኛውን ቀዳዳ አስበሳን።